ማዳበሪያው ወይስ ጠርሙሱ? ካናቢስ ሲፈቀድ የዕፅዋት ምግብ ገበያ ምን ይሆናል

ዲሴምበር 18 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። ካናቢስን ከአንደኛው፣ በጣም ጥብቅ ከሆነው የአደገኛ ዕፅ ምድብ ወደ ሦስተኛው የማውረዱ ሥራ እንዲፋጠን የሚያዝ ነው። ወሬው አፍ ለአፍ ሲዞር ግን አጠረና «አሜሪካ ካናቢስ ፈቀደች» ሆኖ አረፈው።

ከዚያ የሚከተለው ስሌት ለማንም ግልጽ ይመስላል። ከተፈቀደ ብዙ ይተከላል። ብዙ ከተተከለ ብዙ ማዳበሪያ ይሸጣል። ስለዚህ የማዳበሪያ ዋጋ ይወጣል፣ ሻጮቹም ይከብራሉ።

ይህ ስሌት ከዚህ በፊት በእውነተኛ ገንዘብ ተሞክሯል። የሞከሩት ደግሞ ዘርና ማዳበሪያ ሲሸጡ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ክፉኛ ተጎዱበት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ «ተፈቀደ» የሚለውን ቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ተፈቀደ» ስንል

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ይሠራል። የፌዴራሉ ሕግ ካናቢስን ይከለክላል። ክፍለ ግዛቶቹ ግን አንድ በአንድ የየራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቅዳ ሱቆቿን ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ከፈተች። ካሊፎርኒያ በ2016 ድምፅ ሰጥታ ለአዋቂዎች መሸጥ የጀመረችው በ2018 ነው። ካናዳ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 በአገር ደረጃ ፈቀደች።

ምድብ መቀየር ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛው ምድብ ውስጥ የገባ ዕፅ ያለ ፈቃድ ሲሸጥ አሁንም ወንጀል ነው። የሚለወጠው በዋናነት ታክሱና ምርምሩ ነው። ወደ ታክሱ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ብዙ አበሾች የሚኖሩበትን የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብቻ ብንወስድ እንኳ ሦስት ዓይነት ሕግ አለ። ዲሲ ውስጥ አንድ አዋቂ ቤቱ እስከ ስድስት ተክል ማብቀል ይችላል፤ ከስድስቱ ለአቅመ አበባ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። ሜሪላንድ ሁለት ተክል ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ በአንድ ቤት አራት ትፈቅዳለች። በመሐል አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዜግነት ገና ያላገኘ ሰው የክፍለ ግዛቱን ሕግ ብቻ አይቶ መዝናናት የለበትም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛት ደረጃ በተፈቀደ የካናቢስ ሥራ ላይ መሰማራት ጭምር የዜግነት ማመልከቻን ሊያስከለክል እንደሚችል ተናግሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማምረቱንም መጠቀሙንም ይከለክላል።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ?

ያለ አፈር፣ በውኃ በተበጠበጠ ምግብ ተክል የማሳደግ ዘዴ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። ለዚህ ዘዴ የሚሸጠውን ማዳበሪያ ነጋዴዎቹ «ማዳበሪያ» ማለት አይወዱም። «ኒውትሪየንት» ይሉታል፤ የዕፅዋት ምግብ እንደማለት። ስሙ ሲያምር ዋጋውም አብሮ ያምራል።

እኛ አገር «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል አንድ አስቂኝ ታሪክ አለው። ይዘቱ ማሳ ላይ ተበትኖ ካለቀ በኋላ ስሙ ለከረጢቱ ቀረ። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ስንል ዩሪያ ትዝ የሚለው የለም። የኒውትሪየንት ገበያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው የሚከፍለው በአብዛኛው ለመያዣው ነው።

ለማየት መለያውን ማንበብ ይበቃል። ማንኛውም ማዳበሪያ ላይ በሰረዝ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም ድርሻ በመቶኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደሎቻቸው ኤንፒኬ ይባላሉ። ከታወቁት የሃይድሮፖኒክስ ጠርሙሶች አንዱ 2-1-6 የሚል ቁጥር አለው። ደምሩት፦ ዘጠኝ። ከመቶው ዘጠኝ እጅ ምግብ ነው፤ ጥቂት ሌሎች ማዕድናት አሉበት፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ ከባድ ነው። በመኪና ተጭኖ አገር አቋርጦ ሲሄድ የጭነቱን ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ሌላ ምሳሌ። አበባ ሲያቆጠቁጥ የሚጨመር «አበባ አጎልባች» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ። የሚያብረቀርቅ መለያ፣ ደማቅ ቀለም፣ ትንሽ ዕቃ። ቁጥሩን ሲያዩት 0-50-30 አካባቢ ነው። ሞኖፖታሲየም ፎስፌት የሚባለው ተራ የእርሻ ጨው ቁጥሩ 0-52-34 ነው። ቁጥር ማንበብ የሚችል ገበሬ ያንኑ ጨው በትልቅ ከረጢት ይገዛል። ጨምሮ መስጠቱ ራሱ ይጠቅማል ወይ የሚለውም አጠያያቂ ነው። በእስራኤሉ የቮልካኒ የግብርና ምርምር ተቋም በ2021 የወጣ ጥናት፣ ፎስፈረስ ከልክ ሲያልፍ ካናቢሱ ውስጥ የሚፈለጉት ንጥረ ነገሮች ክምችት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መሠረታዊው የምግብ አሠራር ምስጢር የለውም። አንድ ለቲማቲም የተዘጋጀ የኤንፒኬ ዱቄት፣ ካልሲየም ናይትሬት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት (ኤፕሰም ሶልት እየተባለ ፋርማሲ የሚሸጠው)። የተለመደው ምጣኔ በሊትር ውኃ ከሁለት ግራም ያነሰ ነው። አንድ ኪሎ ጨው ከ600 ሊትር በላይ ምግብ ይሆናል ማለት ነው። ዋናው ጥንቃቄ ካልሲየሙን ከፎስፌቱና ከሰልፌቱ ጋር ገና በብዙ ውኃ ሳይቀጥኑ አለማገናኘት ነው። ከተገናኙ ታች ይዘቅጣሉ፤ ቧንቧም ይደፍናሉ። ለዚህ ነው ሁለት ታንክ፣ ኤ እና ቢ፣ የሚዘጋጀው። ዝዋይ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ የማዳበሪያ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ጽጌረዳውም ያንኑ ጨው ነው የሚበላው።

ድብቁ ገበሬ ለምን ያን ያህል ከፈለ?

ታዲያ ሰው ለምን ለውኃ ይከፍላል? ካናቢስ ሕገወጥ በነበረበት ዘመን መክፈሉ ሞኝነት አልነበረም።

አንደኛ፣ የሚያበቅለው በትንሹ ነው። ጋራዥ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ሃያ አምስት ኪሎ ካልሲየም ናይትሬት ምን ያደርግለታል? ሁለተኛ፣ ባለሙያ መጠየቅ አይችልም። የግብርና ኮሌጅ ደውሎ «ቅጠሌ ቢጫ ሆነብኝ፣ ተክሉ ግን ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ» አይባልም። ጠርሙሱ ላይ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚጨመር የሚናገረው ሰንጠረዥ የባለሙያውን ቦታ ተካ። ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት የምርቱ ዋጋ ነው። አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) በሺዎች ዶላር ሲሸጥ የማዳበሪያ ወጪ ከቁጥር አይገባም። ምርቱን ከሚያበላሽ ውድ መግዛት ይሻላል።

ለዚህ ነው አንዱ ጠርሙስ ወደ አሥር ጠርሙስ የተባዛው። ለሥር፣ ለግንድ፣ ለአበባ፣ ለጣዕም፣ ለማጠቢያ። ሻጩ ስለ ካናቢስ አንድም ቃል አይተነፍስም፤ መለያው ላይ ያለው ቲማቲም ነው። ገዢውም ሻጩም ይግባባሉ። መከልከሉ ለዚህ ገበያ እንደ አጥር ሆኖ አገልግሏል። ትልልቆቹ የማዳበሪያ ኩባንያዎች በስማቸው ፈርተው አልገቡበትም፤ እውነተኛው ገበሬም አልገባበትም።

ሲፈቀድ አጥሩ ፈረሰ

ሕጉ ሲላላ መጀመሪያ የሚታየው ዕድገት ነው። ፈቃድ ያወጣ ሁሉ አዳራሽ ይሠራል፣ መብራት ይገዛል፣ ማዳበሪያ ያከማቻል። ይህ ምዕራፍ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ከዚያ ምርቱ ገበያ ላይ ይፈሳል።

ኮሎራዶ ለታክስ ሲባል የአንድ ፓውንድ አማካይ የጅምላ ዋጋን በየሩብ ዓመቱ ታወጣለች። በ2021 መጀመሪያ ከ1,700 ዶላር በላይ ነበር። በ2022 መጨረሻ 650 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወረደ።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ለአንድ ፓውንድ ምርት 50 ዶላር የጠርሙስ ምግብ ያወጣ ነበር እንበል። ምርቱ 1,700 ሲሸጥ ይህ ከመቶ ሦስት እጅ ነው፤ ማንም አያየውም። 650 ሲሸጥ ወደ ስምንት እጅ ይጠጋል። ያኔ ሒሳብ ሠራተኛው ጠርሙሱን ማንሳት፣ መለያውን ማንበብ ይጀምራል። ደረቅ ጨው የሚሸጡ ድርጅቶች በር የሚያንኳኩትም ያኔ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ለአበባና ለአትክልት አምራቾች ለዘመናት ማዳበሪያ ሲያቀርብ የኖረው የጃክስ ዱቄት በካናቢስ አምራቾች ዘንድ ስም ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። እንደ አቴና ያሉ አዳዲሶቹም ለትልልቅ አምራቾች በከረጢት የሚሸጥ ዱቄት ይዘው መጡ።

ካናዳ ይህን ከሁሉም በላይ አፍጥጣ አሳየች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ዴልታ ውስጥ ቪሌጅ ፋርምስ የተባለው ኩባንያ የቲማቲም ግሪንሃውሱን ወደ ካናቢስ ቀየረ። እዚያ ያለው ሠራተኛ ታንክ ኤ እና ታንክ ቢን ገና በቲማቲሙ ዘመን ያውቃቸዋል። የአበባ አጎልባች ጠርሙስ ልሽጥልህ ብትሉት ይስቅባችኋል።

የስኮትስ ታሪክ

አሁን ወደ ተጎጂዎቹ። ስኮትስ ሚራክልግሮ በ1868 በኦሃዮ የተመሠረተ፣ የአሜሪካ ግቢ ሣር ሁሉ የሚያውቀው ኩባንያ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጂም ሃገዶርን ካናቢስን ቀድመው አሸተቱ። በ2014 ሆቶርን የሚባል እህት ኩባንያ አቋቋሙ። በ2015 የጠርሙስ ምግብ አምራቹን ጄኔራል ሃይድሮፖኒክስን፣ ከሌላ አንድ ድርጅት ጋር፣ ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተው ገዙ። በ2018 ሰንላይት ሰፕላይ የተባለውን አከፋፋይ በ450 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ወዲያው መጣ። በ2018 ካሊፎርኒያ ሕጋዊ ሽያጭ ስትጀምር የሆቶርን ነባር ሽያጭ (አዲስ የተገዛው ድርጅት ሳይቆጠር) ይጨምራል ሲባል ወረደ። ፈቃድ የሌላቸው የድሮ ደንበኞች ሥራ ቀነሱ፤ ፈቃዱ ደግሞ በዝግታ ነበር የሚሰጠው። ሕጋዊነት ደንበኛ ከማምጣቱ በፊት ደንበኛ ወሰደ። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይህች ነጥብ ናት፤ ነገር ግን ኮቪድ መጣና ተረሳች።

በኮቪድ ዘመን ሰው ቤቱ ተቀመጠ፣ ገንዘብ ተበተነ፣ ካናቢስ በብዙ ክፍለ ግዛቶች «አስፈላጊ አገልግሎት» ተብሎ ሱቁ ክፍት ሆነ። የሆቶርን ሽያጭ በ2021 የበጀት ዓመት 1.42 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። የስኮትስ አክሲዮን ወደ 250 ዶላር ወጣ። ሃይድሮፋርም የተባለው ተፎካካሪ ዲሴምበር 2020 ናስዳክ በተባለው የአክሲዮን ገበያ ላይ አክሲዮኑን በ20 ዶላር ሸጦ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ90 ዶላር አለፈ። በዚያው ስሜት ኩባንያው በ2021 የማዳበሪያና የአፈር አምራቾችን ተራ በተራ ገዛ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። የሆቶርን ሽያጭ በ2022 ወደ 716 ሚሊዮን፣ በ2023 ወደ 467 ሚሊዮን፣ በ2024 ከ300 ሚሊዮን በታች ወረደ። ስኮትስ በ2022 ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የንብረት ዋጋ ከመዝገቡ ሰረዘ፤ የአክሲዮኑም ዋጋ ከ50 ዶላር በታች ገባ። የሃይድሮፋርም ሽያጭ በ2021 ከነበረበት 479 ሚሊዮን በ2024 ወደ 190 ሚሊዮን ሆነ። የኮሎራዶው የሱቅ ሰንሰለት ግሮውጄኔሬሽንም በእነዚያው ዓመታት ከ422 ሚሊዮን ወደ 189 ሚሊዮን ወረደ። ሦስት የተለያዩ ኩባንያዎች፣ አንድ ዓይነት መስመር።

ጥፋቱ የሕጉ ነው?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። አንዱ ወገን ሕጋዊነትን አትውቀሱ ይላል። እውነት አለው። የ2021 ሽያጭ ራሱ በኮቪድ የተነፋ ነበር። ወለድ ጨመረ፤ አምራቾች ብድር አጡ። ኦሪገንና ኦክላሆማን የመሳሰሉ ቦታዎች ለፈቃድ ቁጥር ገደብ ሳያደርጉ በሩን ከፈቱ፤ ምርቱ ከፍላጎቱ በላይ ሆነ። በዚህ አመለካከት ችግሩ ጊዜያዊ ነው። አዳዲስ ክፍለ ግዛቶች ሲከፈቱ ዑደቱ እንደገና ወደ ላይ ይዞራል።

ሌላው ወገን ጉዳዩ ዑደት አይደለም ይላል። ካናቢስ እርሻ ሆነ፤ እርሻ ደግሞ ለሽታና ለመለያ አይከፍልም። ሽያጩ ቢመለስ እንኳ ትርፉ አይመለስም። የቁጥሮቹ አቅጣጫ ወደዚህኛው ያደላል ብዬ አስባለሁ። የኮቪዱ አረፋ ከፈነዳ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሽያጩ ወለል ነክቶ አልቆመም፤ መውረዱን ቀጠለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። የጨዎቹን መነሻ ዋጋ ካናቢስ አይወስንም። ዓለም በዓመት ማሳ ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ በመቶ ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር ነው። ናይትሮጅን የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፖታሽ (የፖታሲየሙ ምንጭ) ከካናዳ፣ ከሩሲያና ከቤላሩስ ማዕድን ይወጣል። ፎስፌት ላይ ቻይናና ሞሮኮ ትልቅ ቃል አላቸው። በ2021 መጨረሻ ቻይና ኤክስፖርቷን ስትቆጣጠር፣ ቤላሩስ ማዕቀብ ሲጣልባት፣ በ2022 ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር አንድ ቶን ዩሪያ ከ900 ዶላር አለፈ። ያ ዋጋ የጎጃምን ገበሬ እንዴት እንዳንገበገበው የምናውቀው ነው። የጠርሙስ ሻጮቹን ደግሞ ከሁለት በኩል ያዛቸው። ጥሬ ዕቃው ሲወደድ ገዢው ሲሸሽ።

ቤቱ የሚያበቅለው ሰው

ጠርሙሱ ጨርሶ አይሞትም። ሦስት ተክል ያለው ሰው ዛሬም ሃያ አምስት ኪሎ ጨው አይገዛም። ስለዚህ «ይፈቀዳል?» ከሚለው ይልቅ «ለማን ይፈቀዳል?» የሚለው ለኩባንያዎቹ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ አንድ አዋቂ ቤቱ ሦስት ተክል እንዲያበቅል ፈቅዳለች። ሱቅ ግን አልፈቀደችም። እዚያ የሚጠቀመው ዘር፣ ትንሽ ድንኳንና ጠርሙስ የሚሸጠው ነው። ዋሽንግተን ስቴትና ኒው ጀርሲ ግን ተቃራኒውን ነው የመረጡት፤ ሱቁ አለ፣ ለመዝናኛ ብሎ ቤት ማብቀል ግን ክልክል ነው። እዚያ ማዳበሪያ የሚገዛው ባለ ትልቅ አዳራሹ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋ ይከራከራል።

ቁጥጥሩም የራሱ ወጪ አለው። ሕጋዊ ካናቢስ ሱቅ ከመድረሱ በፊት ካሊፎርኒያን በመሰሉ ቦታዎች እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ይመረመርበታል። ካድሚየም ደግሞ ከፎስፌት ድንጋይ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። ንጹህ ጨው የሚያቀርብና በምርመራ ወረቀት የሚያረጋግጥ ሻጭ ትንሽ ጨምሮ መጠየቅ ይችላል። ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት ካለ ይሄ ነው፤ በበኩሌ ተገቢ ጭማሪ ነው እላለሁ።

የምድቡ ለውጥ ምን ያመጣል?

በአሜሪካ የታክስ ሕግ ውስጥ 280ኢ የሚባል አንቀጽ አለ። በ1982 የወጣ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው ምድብ ያሉ ዕፆችን የሚነግድ ሰው የሥራ ወጪውን ከታክስ እንዳይቀንስ ይከለክላል። ካናቢስ ወደ ሦስተኛው ምድብ ከወረደ ይህ ሸክም ይነሳል። ተንታኞች «ገንዘቡ ተርፎ ወደ ግንባታና ወደ ማዳበሪያ ይሄዳል» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። አንቀጹ ምርቱን ለማምረት በቀጥታ የወጣውን ወጪ መቀነስ አይከለክልም። ማዳበሪያ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ነው። አብቃዩ ዛሬም ይቀንሰዋል። አንቀጹ በይበልጥ የሚጎዳው ባለ ሱቁን ነው፤ ኪራዩን፣ ማስታወቂያውን፣ የሻጮቹን ደሞዝ መቀነስ የማይችለውን። ስለዚህ እፎይታው ወደ ጠርሙስ ሻጩ የሚደርሰው ዞሮ ነው። ሱቁም እርሻውም የአንድ ባለቤት የሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ይተርፋቸዋል፤ ከተረፋቸው መጀመሪያ ዕዳ ይከፍላሉ፤ ከዚያ ምናልባት አዳራሽ ያድሳሉ። እነሱ ደግሞ ከድሮም ጨው በጅምላ የሚገዙት ናቸው።

እውነተኛው የፌዴራል ፈቃድ ቢመጣስ? ትልቁ ለውጥ ምርት ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት መሻገሩ ይሆናል። ዛሬ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ማብቀል ግዴታው ነው፤ በረዶ የሚወርድበትም በመብራትና በጠርሙስ ያበቅላል። ኦሪገን በ2019፣ ካሊፎርኒያ በ2022 የፌዴራሉ መንግሥት የፈቀደ ቀን ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች ጋር መነገድ የሚያስችላቸውን ሕግ ቀድመው አውጥተው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ፀሐይና ሰፊ መሬት አላቸው። ያ ቀን ከመጣ ሜዳ ላይ በፀሐይ የሚያበቅለው ሰው ማዳበሪያውን የሚገዛው በቆሎ አምራቹ ጎረቤቱ ከሚገዛበት መጋዘን ነው፤ በጭነት መኪና፣ በቶን፣ በበቆሎ አምራቹ ዋጋ።